የራዲያተር ውሃና የሞተር ዝገት፦ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው ወር የአንዲት ዲኤክስ ኮሮላ ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል) አውርደን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥነው። የውሃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ነቀዝ እንደበላው ባቄላ ተቦርቡሯል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ያለውን አሉሚኒየም በጥፍሬ ስነካው እንደ ኖራ ተፈረፈረ። የመኪናዋ ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ለሃያ ሁለት ዓመት እንደ ልጃቸው ይዘዋታል፤ ዘይቷን ቀኑን ሳያሳልፉ ይቀይራሉ። «ውሃ አጉድዬባት አላውቅም እኮ!» አሉኝ ቴስታታውን እያዩ። እውነታቸውን ነው፤ አንድም ቀን አላጎደሉባትም። ሞተሯን የበላው ግን ያው ያላጎደሉት የቧንቧ ውሃ ነው።

የእሳቸውን ዓይነት ሐዘን በየጊዜው ስለማይ፣ ደንበኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልስ ሰጥቻለሁ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው አሮጌ ሞተር ከበፊቱ ይልቅ ሊጠበቅ የሚገባው ሆኗል።

አዲስ አበባ በረዶ የለም፤ አንቲፍሪዝ ምን ያደርግልኛል?

ያሳሳተን ስሙ ነው። አንቲፍሪዝ ሲባል ውሃን በረዶ ከመሆን የሚከላከል ብቻ ስለሚመስል፣ እንደኛ ባለ አገር ትርፍ ወጪ ተደርጎ ይታያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ቢወርድም ሞተር የሚሰነጥቅ ቅዝቃዜ የለንም። ነገር ግን ፈሳሹ ኤቲሊን ግላይኮል ከተባለ ኬሚካል ሌላ የዝገት መከላከያዎችን ይዟል፤ እኛ የምንገዛው በዋናነት ለእነዚህ መከላከያዎች ስንል ነው። ስለዚህ እኔ «ኩላንት» ማለቱን እመርጣለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው በተለይ የደገኛ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ ወደ ራዲያተር የሚያሳልፈው ቫልቭ) ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ላይ ነው። በንጹህ ውሃና በላላ የራዲያተር ክዳን የሚሄድ ሞተር፣ ከመደበኛ የሥራ ሙቀቱ እስከ መፍላት ያለው ርቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት የመፍያውን ነጥብ በ7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ደህና ክዳን ሲጨመርበት ደግሞ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል።

ንጹህ ውሃ ብቻ ብጠቀም ሞተሩ ውስጥ በትክክል ምን ይሆናል?

የአሮጌ መኪና የማቀዝቀዣ ሥርዓት የብዙ ብረቶች ጎረቤትነት ነው። የላዳንም ሆነ የድሮዎቹን ኮሮላዎች ብናይ የሞተሩ አካል ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ራዲያተሩ ብዙ ጊዜ ከመዳብና ከናስ የተሠራ ሲሆን የተበየደውም በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ ነው። እነዚህን የተለያዩ ብረቶች አንድ ውሃ ሲያገናኛቸው የሚፈጠረው ነገር ከባትሪ አይለይም። ደካማ ኤሌክትሪክ ይመላለሳል፤ ከመካከላቸው በቀላሉ የሚሟሟው ብረት ራሱን እየሰጠ ያልቃል። በአብዛኛው የሚሰዋው አሉሚኒየሙ፣ ማለትም በዋጋ ውድ የሆነው ቴስታታ ነው።

ብረቱም በበኩሉ ይዝጋል። ከአየር ጋር የገባው ኦክስጅን በሙቅ ውሃ ውስጥ ብረቱን ወደ ቀይ ዝገት ይለውጠዋል። ዝገቱ ተቀርፎ ከውሃው ጋር ይዞራል፤ ራዲያተሩ ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ሲደርስ ይከማችና ጭቃ ይሆናል። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ደግሞ አሉሚኒየም ራሱን የሚሸፍንበትን ስስ መከላከያ እየበሳ ትናንሽ ጉድጓዶች ይቆፍራል። ከላይ የጠቀስኩት የኮሮላዋ ቴስታታ የደረሰበት ይህ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ አንዴ ከተበላ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ቢገባም የሚያርፍበት ደልዳላ ቦታ ስለማያገኝ እንደገና ይቃጠላል። ሰው ጓርኒሲዮኑን ይረግማል፤ የተበላው ግን ስሩ ነው።

አንድ ጊዜ የፈታሁትን የውሃ ፓምፕ እስካሁን ለተለማማጆች ማሳያ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ውሃውን የሚገፉት የቆርቆሮ ክንፎች በዝገት ተበልተው ጉቶ ብቻ ቀርተዋል። ዘንጉ ይዞራል፣ ድምፅ የለውም፣ አያንጠባጥብም፤ ነገር ግን ውሃ አይገፋም። ባለቤቱ ይህ ከመገኘቱ በፊት ራዲያተር ቀይሮ ነበር። በሞተሩ ጎን ላይ ተመትተው የገቡት ክብ የቆርቆሮ ክዳኖችም እንዲሁ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሰብሳሉ፤ ውጭው ቀለም እንደተቀባ እያለ አንድ ቀን ይበሳሉ።

ይህ ሁሉ ዓመታት የሚወስድ ነገር ነው። «የእኔ በውሃ አሥር ዓመት ሄዳለች» የሚሉኝ ሰዎች አልዋሹም፤ አሥር ዓመት ሙሉ ሲበላ የቆየ ሞተር ነው የሚነዱት።

ከኩላንቱ ጋር የምቀላቅለው የትኛውን ውሃ ነው?

ዲስቲልድ ውሃ፣ ማለትም ተንኖ የተጣራና ማዕድን የሌለበት ውሃ። «የባትሪ ውሃ» ብለው ሲጠይቁ ግን በጣም ይጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ሱቅ በዚሁ ስም የባትሪ አሲድ ያወጣልዎታል። ጽሑፉን አንብበው፣ ለባትሪ መሙያ የሚሆነው ንጹህ ውሃ መሆኑን አረጋግጠው ይግዙ። አሲድ ራዲያተር ውስጥ ከገባ ያንን ሞተር እኔም አላድነውም።

ዲስቲልድ ካልተገኘ፣ ከተማ ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ይወቁ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው ይለሰልሳል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያ ቅርፊት ሞተር ውስጥም ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ያቅተዋል። ንጹህ በሆነ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከጉድጓድ ውሃ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ የወረደውን ይያዙ።

መጠኑ ግማሽ በግማሽ ነው። ቆላ ለሚነዳ ሰው 40 በመቶ ኩላንት ይበቃል፤ ከአንድ ሦስተኛ በታች ሲወርድ ግን የዝገት መከላከያው አቅም ያጣል። «ብዙ ሲሆን ይሻላል» ብለው ሳይቀላቅሉ እንዳይሞሉት። ያልተበረዘ ግላይኮል ሙቀት የመሸከም አቅሙ ከውሃ ያነሰ ስለሆነ ሞተሩ ይበልጥ ይሞቃል። ጠርሙሱ ላይ ተቀላቅሎ የተዘጋጀ መሆኑ ከተጻፈ ደግሞ ምንም ውሃ አይጨመርበትም።

አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፤ የትኛውን ልግዛ?

ቀለሙ ማቅለሚያ ነው፤ ሁሉንም ኩባንያዎች የሚገዛ የቀለም ሕግ የለም። የሚለያቸው በውስጡ ያለው መከላከያ ነው። የቆየው ዓይነት ሲሊኬትና ፎስፌት የመሳሰሉትን ይይዛል፤ ብረቱን ቶሎ ይሸፍናል፣ ቶሎም ያልቃል። አዲሱ ዓይነት በኦርጋኒክ አሲዶች የተሠራ ሲሆን እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። የጃፓን አምራቾች ፎስፌት ያለበትንና ሲሊኬት የሌለበትን ይመርጣሉ። አውሮፓውያን ውሃቸው ኖራ ስለሚበዛበትና ፎስፌት ከእሱ ጋር ተዋሕዶ ስለሚጋገር ተቃራኒውን ይመርጣሉ። ለእኛ ለኖራማ ውሃ ተጠቃሚዎችም ይህ ጠቃሚ ፍንጭ ነው፤ ዲስቲልድ ውሃ የምለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የመዳብና የናስ ራዲያተር ላላቸው አሮጌ መኪኖች እኔ የምመክረው የቆየውን ዓይነት ነው፤ መኪኖቹ የተሠሩትም ለእሱ ነው። ቶዮታ ከሆነ የራሱ ቀይ ኩላንት በሚገባ ይስማማዋል። ሁለት ዓይነት ግን አይቀላቅሉ፤ የአንዱ መከላከያ የሌላውን ሊያዳክም፣ አንዳንዴም ወፍሮ እንደ አጥሚት ሊሆን ይችላል። የገባውን ካላወቁ ሙሉ በሙሉ አፍስሰው፣ አጥበው በአንድ ዓይነት ይጀምሩ።

ስለ አስመሳይ ኩላንትም ይጠይቁኛል። ገበያ ላይ ቀለም ብቻ የገባበት ውሃ ይሸጣል፤ ይህን በእጄ አረጋግጫለሁ። በኩሽና ሚዛን መለየት ይቻላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ግን 1.1 ኪሎ ገደማ፣ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው 1.07 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ባዶውን ዕቃ መጀመሪያ መዝነው ይቀንሱ። በሚዛኑ ከውሃ ካልበለጠ ይመልሱት። መርዝ ስለሆነ በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም።

በየስንት ጊዜው ይቀየራል?

የቆየው ዓይነት በየሁለት ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ቀድሞ የደረሰው። መኪናው ቆሞ ከርሞ ኪሎ ሜትር ባይቆጥርም ሁለት ዓመቱ አይቀርም፤ መከላከያው ቆሞም ያልቃል፣ ግላይኮሉም ቀስ በቀስ ወደ አሲድነት ይለወጣል። እኔ የምቀይርበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ኮፈኑ ውስጥ እለጥፋለሁ። መኪናዋ በተሸጠች ጊዜ ለቀጣዩ ባለቤት የሚበጅ ማስታወሻ ነው።

ያለው ኩላንት መበላሸቱን እንዴት ልወቅ?

ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱና የክዳኑን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁ ላይ የሸክላ ቀለም ያለው ጭቃ ከወጣ ዝገት ጀምሯል። ጥቂት ፈሳሽ በብርጭቆ ቀድተው ብርሃን ላይ ይዩት፤ ደህና ኩላንት ቀለሙ ምንም ይሁን ምን ጥርት ያለ ነው። ቡናማ ከሆነ፣ ደፍርሶ ካልጠራ፣ ከሥሩ ዝቃጭ ካኖረ ጊዜው አልፏል። የተጠቀሙበትን ብርጭቆ ወደ ማጀት አይመልሱት።

ከላይ ዘይት ከተንሳፈፈበት፣ ወይም የዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ አረፋ ካዩ ነገሩ ከኩላንት ያለፈ ነው፤ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ወይም ቴስታታ ተሰንጥቆ ይሆናልና ሳይነዱ ያስመርምሩ።

ቮልት መለኪያ ላለው ሰው ሌላ ዘዴ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ጫፍ ብረት ሳያስነኩ ኩላንቱ ውስጥ ያድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ መከላከያው ደክሟል፤ ከላይ ያልኩት ባትሪ ሞተርዎ ውስጥ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

ራሴ አጥቤ መቀየር እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የማሞቂያውን ማብሪያ ወደ ሙቅ ያዙሩ፤ አለበለዚያ ማሞቂያው ውስጥ ያለው አሮጌ ፈሳሽ አይወጣም። ከራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው በሰፊ ዕቃ ይቀበሉ። አብዛኛው ሰው የሚረሳው በሞተሩ አካል ላይ ያለውን ሁለተኛውን የማፍሰሻ ብሎን ነው፤ ዝቃጩ የሚተኛው እዚያ ነው። በአሮጌ ሞተር ላይ ብሎኑ ዝጎ ከያዘ በግድ አይታገሉት፤ ቢሰበር ሥራው ይከብዳል።

ከዚያ በንጹህ ውሃ ሞልተው ሞተሩን ያስነሱ። የላይኛው የራዲያተር ጎማ እስኪሞቅ ይጠብቁ፤ ያኔ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ውሃው በሙሉ እየዞረ ነው። ያጥፉ፣ እስኪቀዘቅዝ ይታገሡ፣ ያፍስሱ። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ይደጋግሙ። ሦስቴም አራቴም ሊሆን ይችላል። የመጨረሻውን ዙር በዲስቲልድ ያድርጉት።

አሁን ስሕተት የሚበዛበት ቦታ ላይ ደረስን። ምንም ቢፈስ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ይቀራል። አስቀድመው ግማሽ በግማሽ የቀላቀሉትን ከሞሉ፣ ከቀረው ውሃ ጋር ሲደባለቅ ይቀጥናል። ስለዚህ የመኪናውን ሙሉ መጠን ይወቁ፦ ላዳ ከነማሞቂያው ወደ 10 ሊትር፣ ትናንሽ ኮሮላዎች ከ5 እስከ 6 ሊትር ይይዛሉ። የዚያን ግማሽ ያልተበረዘ ኩላንት በቅድሚያ ይጨምሩ፤ የቀረውን ቦታ በዲስቲልድ ውሃ ይሙሉ። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍተው የመኪናውን ፊት ከፍ ባለ ቦታ ላይ አቁመው ያስነሱት፤ የታመቀው አየር እየተንቦጨቦጨ ሲወጣ ደረጃው ይወርዳል፣ ይጨምሩበት። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይዩት።

መካኒኩ «ለአገራችን አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን አወጣልኝ። ልክ ነው?

አይደለም፤ ይህ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሳይሞቅ ይሠራል። ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይጠራቀማል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ይመለሳል፤ ሙቀት ለመቀነስ ብለው ሙቀት ይጨምራሉ። መኪናው የሚሞቀው በሌላ ምክንያት ነው፤ ያንን መፈለግ ይገባል።

የራዲያተር ክዳን ከጠፋ በማንኛውም ክዳን መተካት እችላለሁ?

አይችሉም። ክዳኑ ግፊት መቆጣጠሪያ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ለመኪናዎ የታዘዘው የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። በ0.9 ክዳን አዲስ አበባ ላይ ንጹህ ውሃ እንኳ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣል፤ ሲቀዘቅዝም አየር እያስገባ ዝገቱን ይመግባል። ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ በርካሹ የሚገኝ ነው።

አባይ በረሃ ላይ ቢፈላብኝስ?

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለትና ያንኑ ያህል አቀበት ነው፤ የተደበቀ ችግር የሚገለጠውም እዚያ ነው። ጠቋሚው መውጣት ሲጀምር ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን በሙሉ ኃይል ይክፈቱ፤ ሙቀት ወደ እርስዎ ቢመጣም ከሞተሩ ይወጣል። ካልወረደ ዳር ይዘው ያጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አይንኩ። የፈላው ውሃ ፊቱንና ክንዱን ያቃጠለውን አንድ የመኪና ረዳት አውቃለሁ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታ ይሰነጥቃል። ለመድረስ ሲሉ ንጹህ ውሃ ቢጨምሩ አልቆጣም፤ ሲመለሱ ግን ይቀይሩት።

ቀዳዳ ለመድፈን እንቁላል የሚጨምሩም አሉ። ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር የማሞቂያውንና የራዲያተሩንም ቀጫጭን መንገድ ይደፍናል። ቤት እስኪደርሱ ካልሆነ በቀር አይሞክሩት።

ናፍጣ መኪናስ?

የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በብዙ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች የሲሊንደሩን ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበትን የብረት ቱቦ) በቀጥታ ውሃ ይነካዋል። ሞተሩ በሚመታ ቁጥር ካሚቻው ይንቀጠቀጣል፤ በላዩ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ተፈጥረው ይፈነዳሉ፣ እየፈነዱም ብረቱን በመርፌ እንደተወጋ ይበሱታል። ለከባድ ናፍጣ ሞተር የተዘጋጀ ኩላንት ናይትራይትን የመሰለ መከላከያ የሚገባበት ለዚህ ነው።

የእኔ ቮልስ ነው።

የቮልስ ቢትል ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርም ኩላንትም የለውም። የማራገቢያውን ቀበቶና የዘይቱን መጠን ይጠብቁለት።

ያወጣሁትን አሮጌ ኩላንት የት ልድፋው?

ቦይ ውስጥም ግቢ ውስጥም አይድፉት። ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ ሕፃን ልጅ ሳይጠረጥር ይጠጣዋል። ጥቂት ጉንጭ ኩላሊት አጥፍቶ ይገድላል። የጠጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሰከረ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱት፣ የጠጣው ምን እንደሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ከሁሉም በላይ የምለምነው የተረፈውን ኩላንት በባዶ ሃይላንድ እንዳያስቀምጡ ነው። አረንጓዴው ወይም ቀዩ ፈሳሽ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ለልጅ ከለስላሳ መጠጥ አይለይም። ክዳኑ በሚጠብቅ ጀሪካን ያድርጉትና ያገለገለ ፈሳሽ ለሚቀበል ጋራዥ ይስጡት፤ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ግን አይቀላቅሉት። የእኔ ጀሪካን ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማንበብ ያልጀመሩ ልጆች ግቢያችን ውስጥ ስላሉ ደግሞ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።